ስለ «ሚኑስ» ለወላጆች የተደረገ ንግግር



በቅርቡ አንዲት እናት ከባንክ የተላከ ደብዳቤ ይዘው ወደ እኛ መጡ። አስቀድሞ ያነበበላቸው የሰባተኛ ክፍል ልጃቸው ነበር። «እማዬ፣ ባንኩ አምስት ሺህ ሼኬል ሰጥቶሻል» አላቸው። ልጁ አልዋሸም። «ሚስጌሬት» የሚለውን ቃል የሚያውቀው የሥዕል ክፈፍ ሲባል ነው። እናቲቱም አምነው ከካስፖማት እያወጡ ለተዝካር አዋጡ።

ሚስጌሬት ስጦታ አይደለም፤ ብድር ነው፤ ወለዱም በየቀኑ ይቆጠራል። በአገራችን አራጣ ስንበደር ያበዳሪውን ፊት እናውቅ ነበር። ይኸኛው ያለ ሽማግሌ፣ ከግድግዳ ውስጥ ሆኖ ያበድራል።

አብረናቸው ወደ ባንኩ ሄድን፤ የሒሳቡን ወረቀት አስወጥተን መስመር በመስመር አነበብን። ነገሩ የገንዘብ ማነስ ብቻ ሳይሆን የቀን ጉዳይ ነበር። የካርዱ ክፍያ ወሩ በገባ በ2 ይወሰዳል፤ የጽዳት ደመወዛቸው በ9 ይገባል፤ የልጆች አበል ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የሚመጣው በ20 ነው። በመካከሉ ሚስጌሬቱ ሞላ። ከ2006 ወዲህ በባንክ እስራኤል መመሪያ መሠረት ባንኮች ከተስማሙበት ሚስጌሬት በላይ እንዲያሳልፉ አይፈቀድም። ስለዚህ የመብራቱ ኦራአት ኬቫ ተመለሰ፤ ስለ መመለሱም ሌላ አምላ ተቆረጠባቸው።

የካርዱን ቀን ወደ 10 አስቀየርን። ከ2014 ጀምሮ ያለውን «መስሉል በሲሲ» የተባለውን አነስተኛ የአምላ ስምምነትም አስገባናቸው፤ ሲጀመር በወር ከ10 ሼኬል አይበልጥም ነበር፣ አንድ የፓኪድ አገልግሎትና አሥር የካስፖማት ወይም የስልክ አገልግሎት ይጨምር ነበር። ፓኪዱ ሳንጠይቀው አልነገረንም! ያላግባብ ተቆርጦብናል የሚል ሰው አስቀድሞ ለራሱ ባንክ በጽሑፍ ያመልክት፤ መልሱ ካላረካው ወደ ባንክ እስራኤል ይጻፍ።

ቼክ የምትጽፉ ደግሞ ተጠንቀቁ። በ1981 በወጣው ሕግ አምስት ቼክ ሲመለስ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ አሥር ከተመለሰ ሒሳቡ ለአንድ ዓመት ይታገዳል።

እኛ መምህራን የምናሠለጥን ሰዎች ነንና ከሁሉ የቆጨን የልጁ ነገር ነው። በዚያ ቀን ሊያስተረጉም ከክፍል ቀርቶ ነበር። ፓኪዱም ከእናቱ ጋር ሳይሆን ከእሱ ጋር ነበር የሚነጋገረው። የቤቱን ዕዳ በልጃቸው አፍ የሰሙ እናት ማታ «አጥና» ቢሉት በምን ፊት ይታዘዛቸዋል? ስለዚህ ልጆቹን ለዚህ ጉዳይ አትውሰዷቸው።

ማክሰኞ ማታ ማታ በማትናሱ እንቀመጣለን። ደብዳቤዎቹን ያልከፈታችኋቸውም ቢሆኑ ይዛችኋቸው ኑ።