ትምባሆና የምግብ ፍላጎት



የምሳ ሰዓት ደርሶ ጓደኞቹ ወደ ምግብ ሲሄዱ፥ እሱ ግን አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ፥ ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ ቆሞ አንድ ሲጃራ አጭሶ እስከ ማታ የሚውል ሰው በየቦታው አይታጣም። «አይርብህምን?» ቢሉት፥ «ሲጃራው ያስታግሥልኛል» ይላል። ይህ ሰው ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን የታገሠለት ረሀቡ ነውን፥ ወይስ ረሀቡን የሚያስታውቀው ደወል ብቻ ነው? የዛሬው ንግግሬ ይህን ለመመርመር ነው፤ ምስክሮቼም አይጦች ናቸው።

በትምባሆ ቅጠል ውስጥ ያለውና ሱስ የሚያስይዘው መርዝ ኒኮቲን ይባላል። ስሙን ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1560 ዓ.ም. ገደማ በፖርቱጋል የፈረንሳይ አምባሳደር ሆኖ ሳለ ትምባሆን ወደ አገሩ ቤተ መንግሥት ከላከው ከዣን ኒኮ ነው። ከቅጠሉ ለይተው ያወጡት ደግሞ በ1828 ዓ.ም. ፖሰልትና ራይማን የተባሉ የሃይደልበርግ ሊቃውንት ናቸው። ኒኮቲን የምግብን ፍላጎት እንደሚቀንስ ግን ነጋዴዎች ፈጥነው ተጠቅመውበታል። በ1920ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የወጣው የላኪ ስትራይክ ሲጃራ ማስታወቂያ፥ ሰዎች በጣፋጭ ምትክ ሲጃራ እንዲያነሡ ይመክር ነበር። በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ነገር ግን በዚያን ጊዜ ገና ስውር ነበር።

ምሥጢሩ በሰፊው የተገለጠው በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። ያን ሚኑርና ማሪና ፒቾቶ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር፥ እንደ ኒኮቲን የሚሠራ አንድ መድኃኒት ለመንፈስ ጭንቀት ይጠቅም እንደ ሆነ በአይጦች ይፈትኑ ነበር። በዚህ መካከል መድኃኒቱን የወሰዱት አይጦች ካልወሰዱት ያነሰ መብላታቸውን አስተዋሉ። ነገሩን ሲከታተሉትም፥ ኒኮቲን ራሱ የአይጦቹን አበላልና በሰውነታቸው ያለውን ስብ እንደሚቀንስ አረጋገጡ።

በአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ የረሀብና የጥጋብ ሚዛን ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ያሉ አንዳንድ የነርቭ ሕዋሳት፥ ሰውነት በቂ ምግብ ሲያገኝ «ይበቃል» የሚል መልእክት ያስተላልፋሉ። ኒኮቲን እነዚህን ሕዋሳት ይቀሰቅሳቸዋል፤ ስለዚህ ሆድ ባዶ ሳለ አንጎል «ይበቃል» የሚለውን ቃል ይሰማል። ማስረጃው የጸናውም በዚህ ነው፦ ሕዋሳቱ መልእክቱን ለማዘጋጀት የሚያስፈልጋቸውን ነገር ሳይዙ በተወለዱ አይጦች፥ ኒኮቲን አበላላቸውን አልቀነሰውም። መልእክተኛው ከሌለ ሐሰተኛው መልእክት አይደርስምና።

የኒኮቲን ሥራ ግን በዚህ አያበቃም። እንስሳ ምን ያህል እንደሚበላ መለካት አንድ ነገር ነው፤ ለሚፈልገው ነገር ምን ያህል እንደሚደክም መለካት ሌላ ነው። ለዚህ ሁለተኛው፥ ተመራማሪዎች አይጧን ትንሽ የብረት መጫኛ ባለበት ሣጥን ውስጥ ያስገቧታል። ብረቱን ስትጫን ጥቂት ምግብ ይወድቅላታል። ከዚያ በኋላ ዋጋውን እያስወደዱባት ይሄዳሉ፤ በመጀመሪያ ጥቂት ጊዜ፥ ቀጥሎም እጅግ ብዙ ጊዜ መጫን ይኖርባታል። ታክቷት የተወችበት ቁጥር የፍላጎቷ ልክ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሣጥን ኤሪክ ዶኒና ባልደረቦቹ ባደረጉትና በ2003 ዓ.ም. በታተመው ጥናት፥ ለአይጦቹ ድካም የተከፈላቸው ምግብ ሳይሆን የብርሃን ምልክት ብቻ ነበር። ሆኖም ኒኮቲን የተሰጣቸው አይጦች ካልተሰጣቸው ይልቅ አብዝተው ብረቱን ተጫኑ። እንግዲህ ኒኮቲን በአንድ በኩል መብልን ሲቀንስ፥ በሌላ በኩል በዙሪያው ያሉትን ጥቃቅን ደስታዎች ያጎላል። የቡናው ሽታና የወዳጆች ጨዋታ ከሲጃራ ጋር ተቆራኝተው ለመለየት የሚያስቸግሩት ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ኒኮቲኑ ሲቀር ምን ይሆናል? ሐሰተኛው መልእክት ይቋረጣል፤ አይጦቹም አብዝተው ይበላሉ፥ ክብደታቸውም ይመለሳል። ሰውም እንደዚሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የታተመ ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ ማጨስ የተዉ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራሉ፤ የሚበዛውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ፈርተው ሲጃራን ሳይተዉ ይቀራሉ።

ፍርሃቱ ግን ሚዛን የሳተ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን ይገድላል። ጥቂት ኪሎ መጨመር፥ ሲጃራን መተው ለልብና ለሳንባ የሚያስገኘውን ጥቅም አያጠፋውም። ለቀጭንነት ብሎ የሚያጨስ ሰው፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ነው።

ስለዚህ አድማጮቼ፥ ምሳውን በሲጃራ የሚለውጥ ወዳጅ ያላችሁ እንደ ሆነ፥ አትገሥጹት፤ እጁን ይዛችሁ ወደ ገበታ ውሰዱት። ሲጃራውን በተወ ጊዜም ቀበቶው ቢጠብበው አትሣቁበት፤ ለዓመታት አፉ ተይዞ የቆየው ረሀብ እውነተኛ ቃሉን መናገር ጀምሯልና።