ቁስሉን ወይስ ቅባቱን? ሥር የሰደደ የእግር ቁስልና የንክኪ አለርጂ



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ በወጣ፣ ከደም መላሽ ሥሮች ድካም በመነጨ ቁስል ምክንያት እኔ ዘንድ ይመላለሱ ነበር። የኒዮማይሲን ቅባት አዘዝኩላቸው። በሦስተኛው ሳምንት የቁስሉ ዙሪያ አብጦ፣ ውሃ እያዠና እያሳከካቸው መጡ። ኢንፌክሽን የበረታ መስሎኝ ቅባቱን በጄንታማይሲን ቀየርኩት፤ ባሰባቸው። በመጨረሻ፣ «ዶክተር ልጄ፣ ቅባቱን ያልተቀባሁ ሰሞን ይሻለኛል» አሉኝ። እኔ የሳትኩትን እሳቸው ደርሰውበት ነበር።

የንክኪ አለርጂ የሚመነጨው ከፀረ እንግዳ አካላት ሳይሆን ከቲ ሴሎች ነው። በቆዳ ውስጥ ዘልቆ የገባ ጥቃቅን ኬሚካል ከፕሮቲን ጋር ይጣመራል፤ የመከላከያ ሥርዓቱም እንደ ባዕድ ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ ያው ኬሚካል ቆዳውን ሲነካ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ችፌ ይወጣል። መዘግየቱ ነው የሚያታልለን፤ የዛሬው ማሳከክ ከትናንት ወዲያው ቅባት የመጣ መሆኑን አናስተውልም።

ሥር የሰደደ የእግር ቁስል ለዚህ አለርጂ እጅግ የተመቸ ነው። የቆዳው አጥር ፈርሷል፤ ሕብረ ሕዋሱ ተቆጥቷል፤ ፋሻው መድኃኒቱን አፍኖ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ሕክምናውም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይዘልቃል። በዚህ ዘርፍ የተሠሩ በርካታ ጥናቶች ከተመረመሩት ሕሙማን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ ለአንድ ነገር አለርጂ እንዳላቸው ያሳያሉ። በተደጋጋሚ የሚገኙት የፔሩ በለሳንና ሽቶዎች፣ ከበግ ፀጉር የሚወጣው ላኖሊን፣ ኒዮማይሲን፣ በአንዳንድ ፕላስተሮች ማጣበቂያ ውስጥ ያለው ኮሎፎኒ እንዲሁም በላስቲክ ፋሻ የሚገኙ የጎማ ኬሚካሎች ናቸው። ናይትሮፉራዞንም የታወቀ አለርጂ ቀስቃሽ ነው። ኒዮማይሲንና ጄንታማይሲን የአንድ ቤተሰብ ልጆች በመሆናቸው አንዱን ያልተቀበለ ቆዳ ሌላውንም ላይቀበል ይችላል። የእኔ ስሕተት ይኸው ነበር። የኮርቲኮስቴሮይድ ቅባት ደግሞ ራሱ አለርጂ ሲያስከትል ብግነቱን በከፊል ስለሚያፍነው ለመለየት ያስቸግራል።

ማረጋገጫው የፓች ምርመራ ነው። ይህንን ዘዴ ያዳሶን የተባለው ሐኪም በ1895 እ.ኤ.አ. አስተዋወቀው። ተጠርጣሪዎቹ ነገሮች በጀርባ ላይ ተለጥፈው ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሣሉ፤ ውጤቱ ያኔና ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ዳግም ይነበባል። ኒዮማይሲን ስለሚዘገይ እስከ ሰባተኛው ቀን መጠበቅ ያሻል። እዚህ ላይ ተማሪዎቼን አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። የመማሪያ መጻሕፍት «መቅላትን ፈልጉ» ይላሉ፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላት ሊሰወር ይችላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትፍረዱ፤ በጎን በሚመጣ ብርሃን እዩ፤ በጣት ዳስሱ፤ እብጠቱንና ሽፍታውን ፈልጉ።

ምርመራው በሌለበትም እጃችን አልታሰረም። በቁስሉ ዙሪያ ቅባቱ በነካበት ልክ የሚያሳክክ ችፌ ሲታይ፣ ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ከሌለ፣ አንቲባዮቲክ ከመጨመር በፊት ያለውን ማቆም ይገባል። ቁስሉን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ዙሪያውን ሽቶ በሌለው ነጭ ቫዝሊን መጠበቅ፣ አዲስ ነገር ሲያስፈልግ ደግሞ አንድ በአንድ መጨመር ይበጃል። ሕመምተኛው ከመድኃኒት መደብርም ሆነ ከቤት ያመጣውን ሁሉ ይዞ እንዲመጣ ጠይቁ። የደም ቅዳ ሥሮቹ ጤናማ መሆናቸው ከተረጋገጠ የደም መላሽ ሥር ቁስልን የሚያድነው የግፊት ፋሻ ነውና በአለርጂ ሰበብ አይቋረጥ፤ ከሥሩ የጥጥ ሽፋን አድርጉ፣ ከተቻለም ጎማ የሌለበትን ምረጡ። የተገኘውን አለርጂ በካርዱ ላይ በጉልህ ጻፉ፤ ለኒዮማይሲን አለርጂክ የሆነ ሰው ነገ ጄንታማይሲን በመርፌ ቢታዘዝለት መላ ሰውነቱ በሽፍታ ሊወረር ይችላል።

እኚያ እናት ቅባቶቹ ቆመው በቫዝሊንና በፋሻ ብቻ ሲታከሙ ችፌው በሁለት ሳምንት ደረቀ፤ ቁስሉም ከወራት በኋላ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ፣ «ምን ሲቀቡ ይብስብዎታል?» የሚለውን ጥያቄ ሳልጠይቅ ማዘዣ አልጽፍም። እናንተም እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።