ከዱስ እስከ አርባ ምንጭ
(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለት የአይሮፕላን ማረፊያዎች ነው፤ ይኸውም ስለ አርባ ምንጭና ስለ ጂንካ። በካርታ ላይ ማስመሪያ ብናኖር በመካከላቸው ያለው ርቀት 120 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በምድር የሚሄድ መኪና ግን በኮንሶ ዞሮ፣ ወደ ወይጦ ቆላ ወርዶ፣ እንደ ገና ወደ ቀይ አፈር መውጣት አለበትና የዚያን እጥፍ ይጓዛል።

አሁን ጊዜውን እናስላ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባቸው ዳኮታዎች በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይበሩ ነበር። በዚህ ፍጥነት ከአርባ ምንጭ ጂንካ 24 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ኪው 400 የሚባለው አይሮፕላን ከዚያ በእጥፍ ይፈጥናልና 11 ወይም 12 ደቂቃ ይበቃዋል የሚል አይጠፋም፤ እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን አይሮፕላን እንደ ተነሣ ሙሉ ፍጥነቱን አያገኝም። ገና ወደ ላይ ሲወጣ መውረጃው ይደርሳል፤ ለማረፍም ዞሮ ከሜዳው ጋር መስተካከል አለበት። ስለዚህ እንዲህ ባለ አጭር መንገድ ላይ የፍጥነቱ ትርፍ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

የጂንካን የድሮ ማረፊያ የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ፤ በከተማው መካከል የተዘረጋ፣ ከብት የሚግጥበት የሣር ሜዳ ነበር። አዲሱ ማረፊያ በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የማረፊያው ምልክት ግን ዛሬም ቢ. ሲ. ኦ. ነው፤ ፊደሎቹ የተወሰዱት ከባኮ ስም ነው። ባኮ ሜዳውን ለጂንካ ብትለቅም ስሟን አላስረከበችም!

እንግዲህ ወደ ዱስ እንሂድ። ዱስ በኦሞ ወንዝ ዳር ያለች የካሮ መንደር ናት። ባለፈው ሚያዝያ እዚያ ሳለሁ አንዲት ሴት ምጥ ጸናባት። መኪና በዕድል ተገኘና ወደ ጂንካ ተነሣን። ብዙ ሳንርቅ አንድ ደረቅ ወንዝ ሞልቶ አገኘነው። እኛ ዘንድ ጠብታ አልወረደም፤ የዘነበው ከበላይ በተራራው ላይ ነው። ማዶ ያሉት ሰዎች ሲነጋገሩ ይሰማናል፤ መሻገር ግን አልቻልንም። አምስት ሰዓት ያህል ቆምን። እናቲቱ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

በዚያ አምስት ሰዓት ውስጥ አይሮፕላን ከጂንካ አርባ ምንጭ ስንት ጊዜ ይመላለሳል እያልሁ አሰላ ነበር። ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል፤ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች አገር ከ360 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በውኃ ለተከበቡት የደረሱላቸው ሄሊኮፕተርና ጀልባ ነበሩ። መኪና የሚሄድበት መንገድ አልነበረምና።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅ። ስለ አየር ጉዞ የሚነገረን ሰዓት ከሜዳ እስከ ሜዳ ያለው ብቻ ነው። እኛ፣ ከየአውራጃው የመጣን ተማሪዎች፣ ከደጃፍ እስከ ሜዳ ያለውን ብንጽፍስ? በየዕረፍቱ ወደ አገራችን ስንሄድ አንዱን ለበጋ፣ ሌላውን ለዝናብ ወራት እያልን እንመዝግብ። የእኔን ጀምሬዋለሁ። ከዱስ እስከ ጂንካ በበጋ ማለዳ የተነሣ መኪና ከቀትር በኋላ ይገባል። በዝናብ ወራት በሚለው ዓምድ ውስጥ ግን የምጽፈውን ቁጥር ገና አላገኘሁም።