ፎካሪና አልቃሽ፦ የወንድነት ሐሳብ በመንዝ ቃል ግጥም



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። በመንዝ ቃል ግጥም ውስጥ «ወንድ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? ፈጥኖ የሚመልስልን ፉከራ ነው። ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ይነሣል፤ ዘሩን ይቆጥራል፤ የሠራውን ያወሳል፤ ባልሠራውም ይዝታል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የመንዝን ገበሬ ኑሮ በሰፊው ገልጿል፤ በ1966 ባወጣው ጽሑፍም የወንድነት ሐሳብ ከተዋጊነትና መከራን ከመቻል ጋር መቆራኘቱን አሳይቷል። ከሁለቱ ጠባዮች ፉከራ ጎልቶ የሚያሰማን ተዋጊነትን ነው። ቻይነትን ለማግኘት የግጥሙን አሠራርና ሌሎቹን የቃል ግጥም ዓይነቶች መመርመር ይገባል።

ከአሠራሩ እንጀምር። በወል ቤት እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይቆማል፤ ቤት የሚመታው በመጨረሻው ቀለም ነው። ሰሚው ፍርዱን እስከዚያ ድረስ ይዞ ይቆያል። ለማሳያ ያህል እኔው የገጠምኋትን ላቅርብ፦

ውርጩ ቢወድቅበት የገብሱ ቡቃያ፣
ቀና ይላል እንጂ አይወጣም ገበያ።

ሰሙ ግልጽ ነው፤ ቡቃያ ለሽያጭ አይቀርብም። ወርቁ ጉዳቱን በአደባባይ የማይዘረጋውን ሰው ይመለከታል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነው የመሐል ሜዳ ደጋ፣ አንድ ሌሊት የጣለ ውርጭ የዓመት ልፋት ሊያጠፋ ይችላል። በዚያ አገር በማግስቱ ሞፈር ማንሣትም ጀግንነት ነው። ሰምና ወርቅ ይህን ዝምታ ለመናገር ይመቻል፤ ሕመሙን ሳይሸሽግም ሳያጋንንም ያስቀምጠዋልና።

ፎካሪ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ስለ እርሱ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው ግን አልቃሽ ናት። የሟቹ ልብስና ጠመንጃ በለቅሶው ላይ ሲታይ፣ እርስዋ ቤት እየመታች ለጋስነቱን፣ አስታራቂነቱን፣ ቤተሰቡን በክፉ ቀን መሰብሰቡን ታወሳለች። ስለዚህ የወንድነት መለኪያው በከፊል በሴት አንደበት ውስጥ ነው።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር በመንዝ አካባቢ በዘረት፣ «አመፀኛ ዋሻ» በሚባለው ስፍራ በተጠለሉ አርበኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት ላይ የመርዝ ጋዝ ተጠቅሟል። ለእንዲህ ያለ መከራ የፉከራ ቋንቋ አይበቃም። ጽናቱ ወንድና ሴት፣ የታጠቀና ያልታጠቀ አልለየምና፣ ይህን መሸከም የሚችለው ሙሾ ነው።

ጉዳዩ ከሥነ ቃል ጥናት ያልፋል። ፉከራ በሰው ፊት የተገባ ቃል በመሆኑ ተናጋሪውን ያስገድደዋል፤ በሠርግ ላይ የተወረወረ ስንኝ የቆየ ደም ሊቀሰቅስ ይችላል። ደም ለማድረቅ የሚደክሙ ሽማግሌዎች የቃልን ክብደት የሚያውቁት ስለዚህ ነው። ዛሬ በመድረክና በስልክ የሚሠራጨው አብዛኛውን ጊዜ ፉከራው ብቻ ነው። ወጣቱ ዛቻውን ይሰማል፤ የአልቃሿን ፍርድ አይሰማም።

ስለሆነም ለተማሪዎቻችን የማስተላልፈው አደራ ይህ ነው፦ ፉከራ ስትቀርጹ፣ በዚያው ቀበሌ ሙሾውንም ቅረጹ፤ የአስታራቂውንም ንግግር አትተዉ። ወንድነት ምን እንደሆነ የመንዝ ሰው የተናገረው በሦስቱም ነው።