ከምርጫ ጣቢያ በር እስከ ምክር ቤት መክፈቻ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአዲስ አበባ የሽያጭ ሱቅ ባልደረባ የቀረበ ንግግር)





በፕሮግራሙ ላይ ስሜ የሰፈረው ስለ አዲስ አበባ ሽያጭ እንድናገር ነበር። ሪፖርቱ በጽሑፍ ስለታደላችሁ ደግሜ አላሰለቻችሁም። ነገ ጠዋት የሥራ አመራር ቦርድ ምርጫ ስላለን፣ ስለ ድምፅ ቆጠራ ጥቂት እንድናገር ሰብሳቢውን ጠይቄ ፈቅደውልኛል።

እኔ የምኖረው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ነው። እህል ጭናችሁ መርካቶ፣ እህል በረንዳ የምትመጡ ሁሉ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት አባ መላ ናቸው። በ1919 ዓ.ም. ሲያርፉ በአገራችን ፓርላማ የሚባል ገና አልነበረም። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የተሰጠው በ1923 ዓ.ም. ሲሆን ምክር ቤቶቹ ሥራ የጀመሩት በ1924 ዓ.ም. ነው። ያኔም ቢሆን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የመረጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ፤ ገበሬው የሚቆጠርለት ድምፅ አልነበረውም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ ድምፅ ቢሰጥም፣ ለመመረጥ ግን በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው መሆን ይጠየቅ ነበር። ጭሰኛ የነበሩ አባቶቻችን እንግዲህ ቢመርጡ እንጂ መመረጥ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ከሰፈሬ ሰዎች ጋር ተሰልፌ ነበር። ሰልፉ ረዥም ስለነበረ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። የአዲስ አበባ ሰው ሁለት ወረቀት ነው የሚመርጠው፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም። እዚያው ጣቢያው ውስጥ፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ይከፈታል፣ ይቆጠራል፣ ይፈረማል። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ውጤቱ በር ላይ ተለጥፎ አየሁ። ከፊቴ አንድ ተሸካሚ ቆሞ ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ እያስኬደ ያነባል። የመረጠው ሰው ያሸንፍ ይሸነፍ አልጠየቅሁትም፤ አንብቦ ሲጨርስ ግን ኩርታውን አንሥቶ ዝም ብሎ ሄደ። ያ ወረቀት ከምርጫ ክልሉ ድምር ጋር የሚመሳከር ነው። ማንም ሰው የራሱን ጣቢያ ቁጥር ይዞ «የእኛ የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው በእሱ ነው።

በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ በመጨረሻ የሚቆጠረውና የሚታወጀው በራሱ በምክር ቤቱ ጉባኤ ነው፤ ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ይህን ለማስቆም የመጡ ሰዎች ሕንፃውን ጥሰው ሲገቡ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አይቷል። በእኛ አገር ውጤቱን አረጋግጦ የሚያሳውቀው የምርጫ ቦርድ ነው። የ2013ቱንም ቦርዱ ሐምሌ 3 ቀን ይፋ አደረገ። በጸጥታና በሌላም ምክንያት ያልመረጡ ቦታዎች ነበሩ፤ በሶማሌና በሐረሪ ክልሎች ድምፅ የተሰጠው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፣ በትግራይ ግን አልተካሄደም። ምክር ቤቱ ሲከፈት ባዶ ወንበር ነበረ ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 58 የምክር ቤቱ ሥራ በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ እስከ ሰኔ 30 እንደሚቆይ ይደነግጋል። እኛ ገበሬዎች ይህ የቀን አቆጣጠር አይጠፋንም፤ ክረምቱ አልፎ ሰብሉ ሲያሸት ነው። በዚሁ መሠረት ሰኞ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲሱ ምክር ቤት ተከፈተ። አባላቱ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፣ አቶ ታገሠ ጫፎ አፈ ጉባኤ ሆኑ፣ ፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ለሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ንግግር አደረጉ። ሥነ ሥርዓቱ ያማረ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን የማስበው በር ላይ የነበረውን ወረቀት ነው።

ስለምን ቢባል፣ ሰፈራችን 1997 ዓ.ም.ን አይረሳም። ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ በሰላም መረጠ። ቆጠራው ግን አከራከረ። አቤቱታ ተጣራ፣ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ድምፅ ተሰጠ፣ የመጨረሻው ውጤት የታወቀው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው። መስከረም 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሲከፈት ከተመረጡት ተቃዋሚዎች ብዙዎቹ አልገቡም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ሁከት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን በምክር ቤቱ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል። መርካቶ ሱቅ ዘግታ ሰነበተች። ማን ትክክል ነበረ የሚለውን ለመፍረድ አልመጣሁም፤ የማውቀው ያላመኑበት ቆጠራ ምን እንደሚያስከትል ነው።

ከዚህ አዳራሽ ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉኝ ይሆናል። በወጣትነቴ አባል በነበርኩበት አንድ መሠረታዊ ማኅበር (ስሙን አልጠራም) የሥራ አመራር ኮሚቴ መረጥን። ወረቀቱ በጆንያ ተጠቅልሎ ወደ መጋዘን ገባ፤ ውጤቱን የሰማነው በሦስተኛው ቀን ነው። አሸናፊዎቹ ምናልባት በእውነት አሸንፈው ይሆናል። ነገር ግን ማንም አላየም። በዚያ ዓመት የመኸር ምርት ሲደርስ አባሉ ጤፉን ለነጋዴ ሸጠ። የማኅበሩ ሚዛን ትክክል ነበር፤ ያልታመነው ሚዛኑን የያዘው ሰው ነው። ማኅበሩ የወሰደውን የግብዓት ብድር ለመክፈል እንኳ እህል አጣ።

በመሆኑም ለነገ የምጠይቀው ይህን ነው። ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ከድምፁ በፊት ለሁላችንም ይታይ። ቆጠራው በዚሁ አዳራሽ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ተወዳዳሪዎች ቆመው እያዩ ይከናወን። የታደለው ወረቀት ስንት እንደሆነ፣ የተበላሸው ስንት እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስንት እንዳገኘ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይፈረም። ቅሬታ ያለው ሰው ከመበተናችን በፊት እንዲያሰማ ጊዜ ይሰጠው። አንድ ቅጂ ዩኒየኑ ቢሮ በር ላይ፣ አንድ አንድ ቅጂ ደግሞ በየመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ይለጠፍ። የአዲስ አበባውን ቅጂ ለእኔ ስጡኝ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስደርስ ሱቃችን በር ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ።