እናቴ ያላነበበችው መጽሐፍ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



ለሕፃናት ጮክ ብሎ ስለ ማንበብ እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ አዲሎ ያለችው እናቴ ናት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ማታ ግን ምድጃው ዳር፣ ቆጮው እስኪበስል ድረስ፣ በከምባትኛ ተረት ትነግረን ነበር። ጅቡ ሲመጣ ድምጿን ታወፍራለች። ድንገት ቆም ትልና «ከዚያስ ምን ያደረገ ይመስላችኋል?» ትለናለች። እኛም ለመመለስ እንሻማለን።

እኔ ተምሬ ምን አደረግኩ? ልጄ ሲወለድ ሆሳዕና ነበር የምሠራው። «ትምህርት ቤት እንዳይቸገር» ብዬ ቤት ውስጥ ከምባትኛ መናገር አቆምኩ። የአማርኛ የተረት መጻሕፍት ግን ሁልጊዜ አነብለት ነበር። ለመስቀል አዲሎ ሄድን። እናቴ አጠገቧ አስቀምጣ ተረት ስትጀምርለት ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «አባዬ፣ አያቴ ምን እያለች ነው?» አለኝ። እናቴ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

በማግስቱ የሥዕል መጽሐፉን ሰጠኋት። «እኔ ምኑን አውቄ?» አለች። «ሥዕሉን እያየሽ ንገሪው» አልኳት። እሷ በጣቷ እያሳየች ስታወራ፣ ልጁ አህያዋን እየነካ ስሟን በከምባትኛ ደጋገመ። ማታ ላይ መጽሐፉን ይዞ የሄደው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ነው።

ወገኖቼ፣ ሕፃን ሲነበብለት የሚያገኘው ፊደል ብቻ አይደለም። በዕለት ተዕለት ወሬ የማይሰማቸውን ቃላት ይሰማል፤ ነገር እንዴት እንደሚጀመርና እንደሚቋጭ ይለምዳል። በተለይ የሚጠቅመው ቆም ብለን ስንጠይቀውና እሱም ሲመልስ ነው። እናቴ ይህን ኮሌጅ ሳትገባ ታውቀዋለች። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያጠራቀመው ቃልም አማርኛውን አይሻማበትም፤ ስንቅ ይሆነዋል እንጂ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፈተ። ከምባትኛም ሀዲይኛም የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በግዕዝ ፊደል የተማረ ወላጅ የልጁን መጽሐፍ ገልጦ ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ «አላነብም» ብሎ መተው አይገባም፤ ሥዕሉን እያየ ያውራለት። ሀዋሳ ላይ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ አስጭነው ለልጆች አድርሰዋል። እኛ ጋ የሚጎድለው ጋሪው ብቻ አይደለም፤ በቋንቋችን የተጻፈ፣ ጋሪው ላይ የሚጫን የልጆች መጽሐፍም ነው።

እንግዲህ አደራዬ ይኸው ነው። እያንዳንዳችን ከእናታችን ወይም ከአያታችን አንድ ተረት ሰምተን እንጻፍ። መምህሮቻችን ደግሞ ቋንቋውን አርሙልን። በሚቀጥለው ስንገናኝ ተረቶቹን ይዘን እንምጣ። እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንፍጠን።