ቃለ መጠይቁ የት ይሁን?

በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



ወደ ምሳውና ወደ ጭፈራው ከማለፋችን በፊት ጥቂት ደቂቃ እንድትሰጡን እንለምናለን። በእነዚህ አሥር ዓመታት ደጋግመን ከሰማናቸው ጥያቄዎች አንዱ «ናይሮቢ ሆኖ ያመለከተው ወንድሜ ቃለ መጠይቁን ወደ አዲስ አበባ ማዛወር ይችላል ወይ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ከየት እንደሚመነጭ እናውቀዋለን። የናይሮቢውን የቤት ኪራይ የሚከፍለው እዚህ ፉትስክሬ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ የሚያድረው ወንድም ነው። አዲስ አበባ ግን እናት አለች፣ ማደሪያ አለ። አውስትራሊያም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ አበባ ላይ ኤምባሲ ከፍታለች። ታዲያ ለምን እዚያው አይጠየቅም ይባላል።

መልሱ እንደ ቪዛው ዓይነት ይለያያል። ለትዳር ጓደኛ የሚሰጠው 309 ከሆነ፣ አመልካቿ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ በመመለሷ ብቻ ማመልከቻዋ አይወድቅም፤ አዲሱን አድራሻዋን ታስታውቃለች። 202 የሚባለው የሰብአዊነት ቪዛ ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድም ወንድሙን በዚህ ቪዛ ሲያስጠራ፣ አመልካቹ ከዜግነት አገሩ ውጭ መኖር አለበት፤ ያውም ባመለከተበት ቀን ብቻ ሳይሆን ውሳኔ በሚሰጥበትም ቀን ጭምር። ስለዚህ ኪራይ ለማዳን ብሎ አዲስ አበባ የገባው ኢትዮጵያዊ የቀጠሮ ቦታ የለወጠ ይመስለዋል እንጂ፣ ጉዳዩ የቆመበትን መሠረት ነው ለቆ የወጣው። በአገሩ ውስጥ ላለ ሰው 201 የሚባል ቪዛ ቢኖርም የሚሰጠው ለጥቂቶች ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ይህ ነገር በብዙዎች ላይ ደረሰ። በሱዳን በስደት ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን ወደ ግብፅ የተሻገረ አለ፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባም አለ። ሁለቱም ከጥይት ነው የሸሹት፤ በሕጉ ዓይን ግን ግብፅ የደረሰው ኢትዮጵያዊ አሁንም ከአገሩ ውጭ ነው፣ መተማ የገባው አገሩ ተመልሷል። በሌላ በኩል ከካርቱም አዲስ አበባ የመጣ ኤርትራዊ ወንድማችን ከአገሩ እንደወጣ ነው የሚቆጠረው።

የአሜሪካ ዲቪ ደርሷቸው ከነበሩ ዘመዶች የሰማችሁትንም ለዚህ አገር አታውሉት። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ የኢሚግራንት ቪዛ አመልካች በሚኖርበት ወይም በዜግነት አገሩ ይጠየቅ ብለዋል። እዚያ ወደ አገር መመለስ መንገድ ነው፤ እዚህ ለ202 እንቅፋት ነው።

መዛወር ግድ ከሆነስ? አድራሻና ፓስፖርት ሲለወጥ ፎርም 929፣ ጋብቻ ወይም ልጅ ሲጨመር ፎርም 1022 ይሞላል። የፋይል ቁጥሩ ይጻፍበት። ቦታውን የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ እንጂ አመልካቹ ስላልሆነ፣ መልስ ሳይመጣ ትኬት አይቆረጥ። ከሁሉ የሚያሳስበን ደግሞ ኢሜይሉ ነው። ሕጉ በኢሜይል የተላከን ደብዳቤ በተላከበት ቀን መጨረሻ እንደደረሰ ይቆጥረዋል፤ ተከፈተም አልተከፈተም። ኢሜይሉን የከፈተው ደላላ ወይም የኢንተርኔት ቤት ልጅ ከሆነና እሱ አገር ከለቀቀ፣ የጥሪው ደብዳቤ ሰው የሌለበት ቤት ነው የሚገባው። ዛሬ ማታ ስትደውሉ ከጤናቸው ቀጥሎ ይህን ጠይቁልን።

እኛ ፎርም በማንበብና በመተርጎም እንረዳለን፤ የሕግ ምክር የሚሰጠው ግን የተመዘገበ የኢሚግሬሽን ወኪል ወይም ጠበቃ ነው። ከምሳ በኋላ በበሩ በኩል ካለው ጠረጴዛ ላይ ፎርሞቹን ይዘን እንጠብቃችኋለን። የፋይል ቁጥሩን የያዘ ይምጣ፤ ያልያዘም ስልኩን ይዞ ይምጣና እዚያው ይደውል፤ ናይሮቢ አሁን ገና ጠዋት ነው።